የብልሽት ኮድ የሚናገረውና የማይናገረው፦ ስለ ኢንጀክተር የኤሌክትሪክ ዑደት ምርመራ

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ሲበራ የመመርመሪያው መሣሪያ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ጋር ይያያዛል፤ በጥቂት ሰከንዶችም ውስጥ አንድ ፊደልና አራት አኃዝ ያሉት ኮድ ይነበባል። ኮዱ ፒ0203 ከሆነ ትርጓሜው «የሦስተኛው ሲሊንደር የኢንጀክተር ዑደት ብልሽት» የሚል ነው። በብዙ ጋራዦች ከዚህ በኋላ የሚሆነው የታወቀ ነው። የሦስተኛው ሲሊንደር ኢንጀክተር ይወልቃል፤ ባለንብረቱ ሌላ ኢንጀክተር እንዲገዛ ይላካል፤ የተገዛው ይገጠማል፤ ኮዱም ይጠፋል። መኪናው ተነሥቶ ከሄደ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። ከትርጓሜው ውስጥ ግን አንድ ቃል ሳይነበብ ተዘሏል፤ «ዑደት» የሚለው። ኮዱ የከሰሰው ዑደቱን በሙሉ ነው፤ ኢንጀክተሩ በዚያ ዑደት ውስጥ ከሚገኙት በርካታ ተጠርጣሪዎች አንዱ ብቻ ነው።

ይህች የአንድ ቃል ዝላይ ቀላል መስላ ትታያለች። ይሁን እንጂ የዕለት ገቢው በመኪናው ላይ ለተመሠረተ ሰው፣ በተለይም መኪናውን በብድር ገዝቶ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ሰው ለሚያመላልስ ሾፌር፣ በትክክለኛ ምርመራና በግምት መካከል ያለው ልዩነት የሳምንት ገቢ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። መለዋወጫው ከውጭ የሚገባ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ነው። የተጣለው አሮጌ ኢንጀክተር ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የጋራዥ ሥራ እንዴት እንደሚመዘንና ለምን ነገር ገንዘብ እንደሚከፈል የሚነካ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ዑደቱን ራሱን መመልከት ያስፈልጋል። በተለመደው የቤንዚን ሞተር ላይ ያለው ኢንጀክተር በውስጡ ጥቅል ሽቦ ያለው በኤሌክትሪክ የሚከፈት ትንሽ ቫልቭ ነው። ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ጫፍ ከባትሪው ፖዚቲቭ በፊውዝና በሪሌ በኩል ኃይል ይቀበላል፤ ሁለተኛው ጫፍ ወደ ሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ይሄዳል። ብዙዎች እንደሚገምቱት ኮምፒውተሩ ለኢንጀክተሩ ኃይል አይልክም። ኃይሉ ቁልፉ ከተከፈተ ጊዜ ጀምሮ በኢንጀክተሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ኮምፒውተሩ የሚያደርገው በውስጡ ባለ ትራንዚስተር አማካይነት ሁለተኛውን ጫፍ ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ከኔጌቲቭ ጋር ማገናኘት ነው። በዚያች ቅጽበት ጅረት ያልፋል፣ መርፌው ይነሣል፣ ቤንዚን ይረጫል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ መርፌው ይዘጋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኢንጀክተር በሰከንድ 25 ጊዜ ይህን ያደርጋል።

እንግዲህ ዑደቱ ከባትሪው ተነሥቶ ወደ ባትሪው እስኪመለስ ድረስ በፊውዝ፣ በሪሌ፣ መስመሩ ለየሲሊንደሩ በሚከፈልበት መጋጠሚያ፣ በኃይል ሽቦው፣ በሶኬቱ ሁለት ፒኖች፣ በጥቅል ሽቦው፣ በትእዛዝ ሽቦው፣ በኮምፒውተሩ ሶኬት፣ በትራንዚስተሩና በኮምፒውተሩ የኔጌቲቭ መስመር ያልፋል። ከእነዚህ በየትኛውም ላይ የተፈጠረ መቋረጥ ለኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ይታየዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚያየው በራሱ ፒን ላይ የሚጠብቀው ቮልቴጅ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ብቻ ነውና። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ መኪናው በሽታውን አልደበቀም፣ የተናገረውን እስከ መጨረሻው የሰማው ግን አልተገኘም።

በርካታ መኪኖች፣ በተለይም ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩት፣ ይህን ያህል እንኳ አይናገሩም። ኮምፒውተራቸው የኢንጀክተሩን ዑደት በቀጥታ አይከታተልም፤ የሞተሩን አዟዟር ብቻ ተመልክቶ ሦስተኛው ሲሊንደር በተራው አለመተኮሱን በፒ0303 ያስታውቃል። ያን ጊዜ የግምቱ ሰንሰለት የበለጠ ይረዝማል። በመጀመሪያ ካንዴላ ይቀየራል፤ ቀጥሎ የማቀጣጠያው ኮይል ይቀየራል፤ ኢንጀክተሩ የሚታወሰው በሦስተኛ ደረጃ ነው፤ በኢንጀክተሩና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ሽቦ ደግሞ የሚታወሰው የባለንብረቱ ትዕግሥት ካለቀ በኋላ ነው።

ሌላም አሳሳች ምስክር አለ። አንድ ኢንጀክተር ካልተከፈተ ያ ሲሊንደር ያለ ቤንዚን አየር ብቻ ስቦ አየር ብቻ ያስወጣል። ያልተቃጠለው ኦክሲጅን በጭስ መውጫው ላይ ወዳለው የኦክሲጅን ሴንሰር ይደርሳል። ሴንሰሩ ከአራቱ ሲሊንደሮች የመጣውን ጭስ በአንድነት ስለሚመለከት «ነዳጅ አንሷል» ብሎ ያመለክታል፤ ኮምፒውተሩም በብዙ መኪኖች ላይ ይህን አምኖ ለሦስቱ ጤነኛ ሲሊንደሮች ተጨማሪ ቤንዚን ያዛል። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ መሣሪያው ነዳጅ እንዳነሰ ያሳያል፣ መኪናው ግን ከወትሮው ይልቅ ቤንዚን ይበላል፣ ማርሚታውም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በዚህ ጊዜ ሴንሰሩ «ዋሸ» ተብሎ ይቀየራል፤ ወይም የነዳጅ ፓምፑ ደክሟል ይባላል። ሴንሰሩ ግን አልዋሸም። የተጠየቀውን መልሷል፤ ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ለብቻው የጠየቀው የለም።

የምርመራው የመጀመሪያ ጥያቄ እንግዲህ መሣሪያ የማይፈልግ ነው፤ የቆመው አንድ ኢንጀክተር ነው ወይስ ሁሉም? የኃይል መስመሩ በአብዛኛው ከአንድ ፊውዝና ከአንድ ሪሌ ተነሥቶ ለሁሉም ይከፈላል። ሁሉም ኢንጀክተሮች ከቆሙና ሞተሩ ጭራሽ የማይነሣ ከሆነ ነገሩ ከመከፋፈያው በፊት ወይም በኮምፒውተሩ በኩል ይፈለጋል። አንዱ ብቻ ከቆመ ፊውዙንና ሪሌውን መጠርጠር ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ብልሽቱ ከመከፋፈያው በኋላ ባለው የዚያ ሲሊንደር ቅርንጫፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ጥያቄም የድሮ መካኒክ ጆሮ የሚመልሰው ነው። የረዥም ካቻቪቴ ጫፍ በኢንጀክተሩ ገላ ላይ ተደርጎ እጀታው ከጆሮ ጋር ቢገናኝ፣ የሚሠራ ኢንጀክተር ቀጭን የምት ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሷል ማለት ነው፤ የቀረው ችግር የቆሻሻ መደፈን ወይም ሌላ ሜካኒካዊ ነገር ይሆናል። ድምፁ ከሌለ ግን ይህ ዘዴ ኢንጀክተሩን ከሽቦው አይለይም፤ ጥሩ መካኒኮችም ሳይቀሩ ብዙ ጊዜ የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

የጥቅል ሽቦውን ሬዚስታንስ፣ ማለትም ለጅረቱ የሚያሳየውን ተቃውሞ፣ መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ የመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች በኢንጀክተሩ ሁለት ፒኖች ላይ ይደረጋሉ። በብዙ የቤንዚን መኪኖች ላይ ጤነኛ ኢንጀክተር በቀዝቃዛ ሞተር ከ12 እስከ 16 ኦም ያህል ያሳያል፤ ከ2 እስከ 3 ኦም ብቻ የሚያሳዩ የተለየ አሠራር ያላቸው ዓይነቶችም ስላሉ ከሁሉ የሚሻለው ዳኛ የአምራቹ መጽሐፍ ወይም በዚያው ሞተር ላይ ያሉት ሦስቱ ጎረቤቶች ናቸው። ሙቀትም ይታሰብ፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.39 በመቶ ስለሚጨምር፣ በ20 ዲግሪ 14 ኦም የነበረ ጥቅል ሽቦ በ90 ዲግሪ ወደ 18 ኦም ይጠጋል። ሞተሩ እንደ ጋለ የተለካን ኢንጀክተር ከቀዝቃዛው ቁጥር ጋር አነጻጽሮ «ተበላሽቷል» ማለት ስሕተት ነው። አራቱም 18 ካሳዩ አራቱም ደኅና ናቸው። ሦስቱ 18 አሳይተው አራተኛው ቁጥር አልሰጥም ካለ ግን ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ኢንጀክተሩ ይቀየር።

ጥቅል ሽቦው ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ነው እውነተኛው ፈተና የሚጀምረው። በጋራዥ የተለመደው ቀጣይ እርምጃ የተነቀለውን ሶኬት የኃይል ፒን በመልቲሜትር መለካት ነው። መሣሪያው 12 ቮልት ያሳያል። «ኃይል ይመጣል» ተብሎ ሽቦው ነጻ ይወጣል፤ ከሽቦው ነጻ መውጣት ጋር ጥርጣሬው ወደ ኮምፒውተሩ ይዞራል፤ ኮምፒውተር ደግሞ ከሁሉ ውድ የሆነው ዕቃ ነው። ይህ ልኬት ግን ሽቦው ጤነኛ መሆኑን አላረጋገጠም።

ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው። ተራ ዲጂታል መልቲሜትር ቮልቴጅ ሲለካ በውስጡ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው፤ ስለዚህ ከመስመሩ የሚስበው ጅረት ከምንም አይቆጠርም። በኃይል መስመሩ ላይ፣ ለምሳሌ በዝገት በተበላ መጋጠሚያ፣ 1,000 ኦም የሚያህል እንቅፋት ቢኖር መልቲሜትሩ ከ12 ቮልት ላይ የሚያጎድለው ከሺህ አንድ ቮልት ያህል ብቻ ነው፤ በመስታወቱ ላይ 12 ይነበባል። በዚያው መስመር ላይ 14 ኦም ያለው ኢንጀክተር ሲሰካ ግን 12 ቮልቱ በ1,014 ኦም ላይ ይከፋፈላል፤ ለኢንጀክተሩ የሚደርሰው 0.17 ቮልት ያህል ይሆናል። መርፌው ፈጽሞ አይነቃነቅም። ጭነት የሌለበት ቮልቴጅ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ግፊት ነው፤ ቧንቧው በአሸዋ ቢደፈንም እንኳ ጫፉ ላይ የተደረገ የግፊት መለኪያ ሙሉ ግፊት ያሳያል፣ ቧንቧው ሲከፈት ግን ጠብ የሚል ነው የሚወጣው።

እንቅፋቱ 1,000 ኦም ካልሆነም ነገሩ አይቀልም፤ እንዲያውም ይከፋል። በሶኬቱ ፒን ላይ የ6 ኦም ዝገት ብቻ ቢኖር ኢንጀክተሩ ጨርሶ አይቆምም። በ12 ቮልት ላይ ጅረቱ ከ0.86 አምፔር ወደ 0.6 አምፔር ይወርዳል፤ 3.6 ቮልት በዝገቱ ላይ ቀርቶ ለኢንጀክተሩ 8.4 ቮልት ይደርሰዋል። መርፌው ይነሣል፤ ነገር ግን ዘግይቶ ይነሣል። የመክፈቻው ጊዜ በሙሉ ጥቂት ሚሊ ሰከንድ በሆነበት ሥራ ላይ የግማሽ ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ከቤንዚኑ ብዙ ክፍል ይነሣል። ኮምፒውተሩ የባትሪ ቮልቴጅ ሲወርድ የመክፈቻውን ጊዜ አርዝሞ ይካሳል፤ የሚለካው ግን ወደ ራሱ የሚገባውን ቮልቴጅ እንጂ በሦስተኛው ኢንጀክተር ፒን ላይ ያለውን አይደለምና ስለዚህ ጉድለት የሚያውቀው ነገር የለም። መኪናው በቀዝቃዛ ጧት ይንቀጠቀጣል፤ ሲሞቅና በፍጥነት ሲነዳ ይሻለዋል። ኮድ ላይመዘግብም ይችላል።

በኦም መለኪያም ቢሆን ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ ሽቦ ክሮቹ ተበጥሰው አንድ ብቻ ቢቀር፣ መልቲሜትሩ በሚልካት እጅግ ትንሽ ጅረት ዜሮ የሚያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥና የመሥሪያው ጅረት ሲጠየቅ ግን ያ አንድ ክር አይበቃም። የሚመረመረው ሽቦ የሚሠራውን ሥራ እየሠራ መመርመር አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። 12 ቮልት 10 ዋት የሆነ የመኪና አምፖል ሲበራ ሬዚስታንሱ 14.4 ኦም ነው፤ ይህም ከኢንጀክተሩ ጥቅል ሽቦ ጋር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ነው። ሁለት ሽቦ የተበየደለት እንዲህ ያለ አምፖል በሶኬቱ የኃይል ፒንና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ቢገናኝ ለኃይል መስመሩ የኢንጀክተሩን ያህል ሸክም ይጭንበታል። ደምቆ ከበራ መስመሩ ጤነኛ ነው። ከፈዘዘ፣ አምፖሉ እንደ በራ የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዚቲቭ፣ ሌላው በሶኬቱ የኃይል ፒን ላይ ሆኖ በመካከል የጠፋው ቮልቴጅ ይለካ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ከሆነ በመካከል ሌባ አለ። ከዚያ በኋላ ጫፉን ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ እያዘዋወሩ ቮልቴጁ በድንገት የሚዘልበትን ቦታ ማግኘት የትዕግሥት ጉዳይ ብቻ ነው። በዚህ ፈንታ በኤል ኢ ዲ የሚሠሩትን መፈተሻ መብራቶች መጠቀም አይበጅም፤ በጥቂት ሚሊ አምፔር ስለሚበሩ 1,000 ኦም ባለበት መስመር ላይም ብርሃን ይሰጣሉ።

በትእዛዝ መስመሩ በኩል ግን ይህን አምፖል መጠቀም ክልክል ነው። የአምፖል ክር ሲቀዘቅዝ ሬዚስታንሱ ሲበራ ካለው ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዋ ቅጽበት የሚስበው ጅረት የኮምፒውተሩን ትራንዚስተር ሊጎዳ ይችላል። ከፖዚቲቭ በቀጥታ ሽቦ ስቦ የኮምፒውተሩን ፒን «መሞከር» ደግሞ የ1 ሰከንድ ሙከራ በኮምፒውተር ዋጋ መግዛት ነው። በዚህ በኩል ተስማሚው ሸክም ጤነኝነቱ የታወቀ ኢንጀክተር ራሱ ነው። ከሁለተኛው ሲሊንደር ተነቅሎ በሦስተኛው ሶኬት ላይ ሲሰካ የምት ድምፅ ከሰጠ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ነጻ ናቸው፤ ካልሰጠ ደግሞ የኃይል መስመሩ አስቀድሞ ስለ ተፈተሸ የቀረው በሶኬቱና በትራንዚስተሩ መካከል ነው። ይህ ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ እውነተኛ ሙከራ ነው፤ ከገበያ ገዝቶ ከመሞከር ጋር በስም ቢመሳሰልም በባሕርይው የተለየ ነው። ከጎረቤቱ ሲሊንደር የመጣው ኢንጀክተር ሲሠራ ታይቷል። ከሶማሌ ተራ የተገዛው አሮጌ ኢንጀክተር ግን ራሱ ሌላ ያልታወቀ ነገር ነው፤ አንድ ጥያቄ ባለበት ሁለተኛ ጥያቄ ይጨምራል።

የትእዛዝ ሽቦው ሽፋኑ ተልጦ ከሞተሩ ብረት ጋር ቢነካካ የሚሆነው ከመቋረጥ ይልቅ አደገኛ ነው። ቁልፉ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ኢንጀክተሩ ያለ ማቋረጥ ክፍት ይሆናል፤ ቤንዚን ሲሊንደሩን ያጥለቀልቃል፣ ከግድግዳው ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ወደ ሞተር ዘይቱም ይወርዳል። እንዲህ ያለውን መኪና «ይነሣ እንደሆነ» እያሉ ደጋግሞ ማስነሣት ሞተሩን እስከ መስበር ሊያደርስ ይችላል። በዚህ ብልሽት ላይ አዲስ ኢንጀክተር መግጠም አንዳች አይጠቅምም፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ኢንጀክተር መቀየር ብዙ ጊዜ «የሚፈውስ» የሚመስለው ስለ ምንድር ነው? መልሱ ከሶኬቱ ዘንድ ነው። ኢንጀክተር ለመቀየር ሶኬቱን መንቀልና መልሶ መሰካት ግድ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በፒኖቹ ላይ የተጋገረውን አረንጓዴ ዝገት ይፍቃል፤ የላላውን ግንኙነት ለጊዜው ያጠብቃል። መኪናው ይነሣል፤ መካኒኩም በቅንነት «ኢንጀክተሩ ነበር» ይላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይቶ ዝገቱ ሲመለስ መብራቱ ዳግመኛ ይበራል፤ ያን ጊዜ «የተገዛው ዕቃ ጥራት የለውም» ይባላል። የተሳሳተው ፍርድ በተሳሳተ ማስረጃ እየጸና የሚሄድበት መንገድ ይህ ነው፤ ብዙ ዓመት የሠራ ሰውም ከልምዱ የተሳሳተ ትምህርት ሊያገኝ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ሶኬቱን ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሰክቶ ሞተሩን ማስነሣት፣ ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነበር።

ዝገቱ ከየት መጣ የሚለውም መጠየቅ አለበት፤ ሽቦው ያለ ምክንያት አይታመምም። በላቫጆ ኮፋኖው ተከፍቶ ሞተሩ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይታጠባል፤ የጎማ መከላከያው ያረጀ ወይም የወደቀ ሶኬት ውኃውን ይጠጣል። በክረምት ከቤት ውጭ ያደረ መኪና ሞቃት ሞተር ለአይጥ መልካም ማደሪያ ነው፤ የሽቦ ሽፋን ደግሞ ጥሩ ማኘኪያ። ከእነዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን በምርመራ ስም የሚደርሰው ጉዳት ነው። ሽቦውን በመርፌ ወግቶ የመለካት ልማድ በሽፋኑ ላይ ቀዳዳ ይተዋል፤ በዚያ የገባው እርጥበት መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። ቀጭን የመለኪያ ጫፍ በሶኬቱ ጀርባ በሽቦው ጎን ማስገባት ተመሳሳይ ልኬት ያለ ጉዳት ይሰጣል። የተቆረጠን ሽቦ ጠምዝዞ በጥቁር ፕላስተር መጠቅለልም ለዛሬ የሚሠራ፣ ለከርሞ አዲስ ብልሽት የሚያስቀምጥ ጥገና ነው።

ይህን ሁሉ መካኒኮች አያውቁትም ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ብዙዎች ያውቁታል። ችግሩ የሚከፈላቸው ለዚህ አለመሆኑ ነው። ሁለት ሰዓት ፈልጎ በኮምፒውተሩ ሶኬት አጠገብ የተበጠሰ ሽቦ ያገኘና በብየዳ ያያያዘ መካኒክ ለባለንብረቱ የሚያሳየው ዕቃ የለውም። «ምን ቀየርክ?» ይባላል። «አንድ ሽቦ አያያዝኩ» ብሎ ተገቢውን ዋጋ ቢጠይቅ እንደ ዘራፊ ይታያል። በሃያ ደቂቃ ኢንጀክተር የቀየረው ግን አሮጌውን ዕቃ በእጁ ይዞ፣ አዲሱን ከነማሸጊያው አሳይቶ ያለ ክርክር ይከፈለዋል። ደንበኛው ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት አልከፍልም ባለበት ገበያ መካኒኩ ዕቃ ቢሸጥ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ወቀሳው በጋራዡ በር ላይ ብቻ ሊቆም አይገባም፤ ከኮፋኖው ፊት ለፊት የቆመውም ሰው ድርሻ አለው።

የምርመራ ዋጋ ከጥገና ዋጋ ተለይቶ መጠየቅና መከፈል አለበት የሚለው ሐሳብ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ተቃውሞው ይታወቃል፤ ደንበኛው ሁለት ጊዜ የከፈለ ይመስለዋል፣ ምርመራ የሚያስከፍለውን ጋራዥ ትቶ ወደማያስከፍለው ይሄዳል። ተቃውሞው እውነት አለው፤ መልሱም ደንበኛው ለምርመራው በሚቀበለው ነገር ላይ ነው። ባዶ ቃል ከሆነ መሄዱ ልክ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የአራቱም ኢንጀክተሮች ሬዚስታንስ ከነሞተሩ የሙቀት ሁኔታ፣ በሸክም ሥር የጠፋው ቮልቴጅ፣ ኢንጀክተሩ ከጎረቤቱ ጋር ሲቀያየር ብልሽቱ ተከትሎት መሄዱ ወይም በቦታው መቅረቱ ተጽፎ ቢሰጠው ግን በእጁ የሚይዘው ነገር አለው፤ ወደ ሌላ ጋራዥ ቢሄድም ምርመራው ከዜሮ አይጀምርም። የተነቀለው አሮጌ ዕቃም ለባለንብረቱ ይመለስ፤ በሁለት ደቂቃ ልኬት ማንም ሊያጣራው ይችላል።

በሥልጠናው በኩል ያለው ጉዳይ አጭር ነው። መፍታትና መግጠም ክቡር የእጅ ሙያ ነው፤ ነገር ግን ሠልጣኙ የሚፈተነው በዚህ ብቻ ከሆነ የሚማረውም ይህንኑ ነው። አራት ኢንጀክተር፣ አንድ ሪሌ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦና በድብቅ የተቀመጠ የ1,000 ኦም ሬዚስተር ያለበት አንድ የእንጨት ሰሌዳ ሠርቶ፣ «ምንም ሳትቀይር ብልሽቱን አግኝ፣ ያገኘህበትንም ልኬት ጻፍ» የሚል ፈተና መስጠት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ለዚህ ነገር አሁን ትኩረት የሚያሻበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይፋ ሆኗል። በየመንገዱ የሚታዩት ቪትዞችና ኮሮላዎች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም ማለት ነው፤ ያሉት ይቆያሉ፣ እየቆዩም ሽቦዎቻቸው ያረጃሉ። የጥቅል ሽቦ ዕድሜ ብዙ ጊዜ ከሶኬትና ከሽቦ ሽፋን ዕድሜ ይረዝማል፤ ስለዚህ በመጪዎቹ ዓመታት «የኢንጀክተር ዑደት» የሚል ኮድ በተነበበ ቁጥር ጥፋተኛው ኢንጀክተሩ ሳይሆን ዑደቱ የመሆኑ ዕድል እያደገ ይሄዳል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መኪኖችም ቢሆኑ ኢንጀክተር የላቸውም እንጂ ሶኬት፣ ሪሌ፣ ሽቦና መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር አላቸው። በኢንጀክተር ሶኬት ላይ በሸክም ሥር መለካትን ያልለመደ እጅ እነዚህንም በግምት ይነቅላል፤ ልዩነቱ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ የኢንጀክተር ዋጋ አለመሆኑ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ መታከል አለበት። እዚህ የተገለጸው የአምፖልና የመልቲሜትር ዘዴ ለተለመደው በ12 ቮልት ለሚሠራ የቤንዚን ኢንጀክተር ብቻ ነው። ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮችና በኮመን ሬይል ናፍጣ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሩን ለመክፈት ቮልቴጁን ከባትሪው ብዙ እጥፍ ከፍ ያደርገዋል፤ ሞተሩ እየሠራ ሶኬቱን መንካት ለሰውም ለኮምፒውተሩም አደገኛ ነው። በእነዚህ ላይ ምርመራው የሚደረገው ሞተሩ ጠፍቶ ወይም በኦሲሎስኮፕና ሽቦውን ሳይነካ ጅረትን በሚለካ ክላምፕ ነው።